ጊች ላይ ሌሊቱን እንዴት እንለፈው?

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ጎንደር ነው። ባለፈው ኅዳር ከታናሽ ወንድሜ ጋር በደባርቅ በኩል ወደ ሰሜን ተራሮች ወጥተን ጊች ላይ ድንኳን ተክለን አደርን። ቦታው 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ስትጠልቅ ግን ብርዱ ወዲያው ነው የሚወርደው።

ሁለት ጋቢና አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ ደርቤ፣ ካልሲ በካልሲ ላይ አድርጌ ተኛሁ። ከላይ ምንም አልጎደለኝም፤ ቅዝቃዜው የመጣው ከሥር ነው። ያነጠፍነው ስስ ስፖንጅ በጎኔ ስዞር ልጥፍ ይልና ዳሌዬ መሬቱን ይነካዋል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የወንድሜ ጥርስ ሲንቀጫቀጭ ሰማሁ። እግሩን በሁለት እጄ ይዤ እያሸሁ ነጋልን። ጠዋት የድንኳኑ ጣሪያ በውስጥ በኩል ርሶ ጋቢያችን ላይ ይንጠባጠባል፤ ውጭ ሣሩ ውርጭ ለብሷል።

ከጥምቀት በኋላ ልንመለስ አስበናል፤ ወንድሜን እንደገና እንደዚያ ማየት አልፈልግም። ከሰል አቀጣጥላችሁ ድንኳኑ ውስጥ አስገቡ ያሉን አሉ። እሱን አላደርገውም፤ የከሰል ጋዝ በተዘጋ ቦታ ሰውን እንደተኛ ይገድላል።

እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ። ከሥር ምን ብናነጥፍ ይሻላል? ስፖንጁን ብንደርብ ይበቃል ወይስ ሌላ ነገር ያስፈልጋል? የድንኳኑን መስኮት ትንሽ ከፍቶ መተኛት እርጥበቱን ይቀንሳል ወይስ ብርዱን ያባብሰዋል? ሙቅ ውሃ እግር ሥር ይዞ መተኛትም ሰምቻለሁ፤ የሃይላንድ ፕላስቲክ ግን የፈላ ሲገባበት ይጨማደዳል። እናንተ በምንድን ነው የምትይዙት?