2147483647 ብቸኛ ቁጥር መሆኑን በወረቀት ማረጋገጥ ይቻላል?

ጥያቄ፣ ከሐይቅ
ጤና ይስጥልን። የሒሳብ መምህርት ነኝ። አንድ ተማሪዬ በኮምፒውተር ክፍለ ጊዜ 2147483647 ላይ 1 ሲደምር ውጤቱ −2147483648 ሆኖበት ደንግጦ መጣ። ቁጥሩ ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው ብቸኛ ቁጥር፣ ፕራይም የምንለው፣ እንደሆነም ሰምቷል። «በምን አረጋግጣለሁ?» ብሎ ደብተሩ ላይ እያካፈለ 2,000 አካባቢ ደርሷል። የት ላይ ያቁም? ልጁ ተስፋ እንዳይቆርጥብኝ ሰግቻለሁ።

መልስ፣ ከደሴ
ልጄ፣ እኔም ሠላሳ ዓመት አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ተማሪ ሲገኝ ደስ ይላል። 46340 ላይ ያቁም። 46341 በራሱ ሲባዛ 2147488281 ይሆናል፤ ቁጥራችንን አለፈው። ስለዚህ አካፋዮች ቢኖሩት ትንሹ ከ46340 አይበልጥም። ደግሞም በብቸኛ ቁጥሮች ብቻ ይሞክር፤ ለ3 ያልተካፈለ ለ9 አይካፈልም።

ጠያቂዋ
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ግን እነዚያም በሺዎች ይቆጠራሉ፤ ደብተርም አይበቃው።

መልስ፣ ከወልድያ
አብሽሩ መምህርት፣ ጥቂት ናቸው። ቁጥሩ 2³¹ − 1 ነው። 31 ብቸኛ ስለሆነ፣ ብቸኛ አካፋይ ቢኖረው ያ አካፋይ ለ62 ተካፍሎ 1 ሊቀረው ግድ ነው፤ ለ8 ሲካፈል ደግሞ 1 ወይም 7። ሁለቱ ሲጣመሩ፣ ለ248 ተካፍሎ 1 ወይም 63 የሚቀረው ብቻ ይፈተናል። በትንሹ ይዩት፦ 2¹¹ − 1 ማለትም 2047፣ 23 × 89 ነው፤ ሁለቱም ለ22 ሲካፈሉ 1 ይቀራቸዋል።

እስከ 2,000 ድረስ መሞከር የነበረባቸው 311፣ 1303 እና 1489 ብቻ ናቸው! 311ን እኔ ሠራሁት፤ 6905092 ደርሶ 35 ቀረ። የስዊዘርላንዱ የሒሳብ ሊቅ ኦይለር በ1772 እ.ኤ.አ. ቁጥሩ ብቸኛ መሆኑን ያረጋገጠው አካፋዮችን እንዲህ አጥርቶ ነው፤ ያውም የዓይኑን ብርሃን ከሞላ ጎደል ባጣበት ዘመን።

መልስ፣ ከኮምቦልቻ
የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። መደመሩ የተገለበጠው 2147483647 አሉታዊ ቁጥርንም በሚይዝ ባለ32 ቢት ቦታ (ማለትም 32 የ0 ወይም የ1 አሃዞች) የሚያዘው ትልቁ ቁጥር ስለሆነ ነው፤ የልጁ ስህተት አይደለም።

እንዲህ 2 ተባዝቶ 1 ለተቀነሰበት ቁጥር፣ አካፋዮችን አንድ በአንድ ሳይሞክሩ መፈተኛም አለ፤ የሉካስና ሌመር ዘዴ ይባላል። ከ4 ይነሱ፤ በራሱ አባዝተው 2 ይቀንሱ፤ ለሚፈተነው ቁጥር አካፍለው ቀሪውን ብቻ ይያዙ። ለ31፣ ማለትም ለ2⁵ − 1፦ 4፣ 14፣ ከዚያ 194 ለ31 ተካፍሎ 8፣ ከዚያ 62 ለ31 ተካፍሎ 0። ሦስት ጊዜ (5 ሲቀነስ 2) ደጋግመን ዜሮ ላይ ስለደረስን ብቸኛ ነው። ለእናንተ ቁጥር 29 ጊዜ (31 ሲቀነስ 2) ይደገማል። ተራ ካልኩሌተር ግን 19 አሃዝ አይዝም፤ በወረቀት ወይም በኮምፒውተር ይሥሩት።

ጠያቂዋ
ዛሬ በእረፍት ሰዓት ሰሌዳው ላይ ሠራነው። ለ1303 ሲካፈል 226 ቀረ፣ ለ1489 ሲካፈል 199። ልጁ ከ2,000 በላይ ያሉትን በአዲስ ደብተር ጀምሯል፤ ሁለት ጓደኞቹም እያገዙት ነው።