የእስክስታን ትከሻ በፎቶ እንዴት ላሳይ?

ሰላም ለሁላችሁ። የፎቶግራፍ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ኤግዚቢሽን እስክስታ ተወዛዋዦችን ስቱዲዮ ውስጥ እያነሳሁ ነው። ያለኝ አንድ ፍላሽ፣ አንድ ሶፍትቦክስ (የፍላሹን ብርሃን የሚያለሰልስ ሳጥን) እና ጥቁር መጋረጃ ነው።

በ1/160 ሰከንድ የመዝጊያ ፍጥነት፣ በኤፍ 8 (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) እና በአይኤስኦ 100 (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ሳነሳ ሁሉም ነገር ጥርት ይላል። ግን ተወዛዋዧ ዝም ብላ የቆመች ትመስላለች። እስክስታ ያለ ትከሻ ምኑን እስክስታ ሆነ!

ስለዚህ የመዝጊያውን ፍጥነት ወደ 1/4 ሰከንድ አወረድኩት። የክፍሉን መብራት አበራሁ፤ ፍላሹም መጨረሻ ላይ እንዲበራ አደረግኩ። እንቅስቃሴው መጣ፣ በጣም ደስ ይላል። ነገር ግን ነጩ የሀበሻ ቀሚስ እንደ ጭጋግ ተዘርግቶ ፊቷንና ጥልፉን ዋጠው። ኤዲት ላይ የነጩን ድምቀት ብቀንሰውም ጥልፉ አልተመለሰም። ቀሚሱን መቀየር አልፈልግም፤ የሥራው ልብ እሱ ነው።

የትከሻው እንቅስቃሴ እየታየ ፊቷና ጥልፉ ጥርት እንዲሉ መብራቶቹን እንዴት ላስቀምጣቸው?