«ቅጠል ዶፒንግ አይሆንም»?

ፈረንጅ አራዳ፦
የዛሬውን የሬዲዮ ስፖርት የሰማ አለ? አንድ አሠልጣኝ «ተጫዋች በጨዋታ ዋዜማ ቢቅም ችግር አለው ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ «ጫት ቅጠል ነው፤ ቅጠል ዶፒንግ አይሆንም» ብሎ አረፈ። ጋዜጠኛው ሳቀና ወደ ማስታወቂያ ሄደ። አለቀ! የታዳጊ ፕሮጀክት ልጆች የሚሰሙት ፕሮግራም እኮ ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲን በስሙ በዋዳ (የዓለም ፀረ ዶፒንግ ኤጀንሲ) የተከለከሉ አበረታች ነገሮች ዝርዝር ላይ ተጽፏል። በውድድር ወቅት ሽንት ውስጥ በሚሊ ሊትር ከ5 ማይክሮግራም በላይ ከተገኘ ጥሰት ነው። ሌላው የጫት ንጥረ ነገር ካቲኖን ደግሞ ያቺ ገደብ እንኳን የለችለትም። ሰውዬው ማረሚያ ይስጥበት።

ሂርማታ 7፦
ኧረ ቀስ! ቅጠል አይደለም እንዴ ታዲያ? ምን ሊልህ ነበር፣ ሥር ነው ይበል? የቀበሌ ውድድር ዋንጫው በግ ነው። በግ ለሚበላ ቡድን ዋዳ ምን ጥልቅ አደረገው?

ባለ ነጭ ጋውን፦
ኮካም ቅጠል ነው፣ ኮኬይን ይወጣዋል። ትምባሆም ቅጠል ነው፣ ኒኮቲን ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዋዳ በክትትል ይዞታል። ቅጠልነት ስለ ይዘቱ ምንም አይነግርህም። ጫት እርጥብ ሲሆን ጉልበቱ ያለው ካቲኖን ላይ ነው፣ አምፌታሚን የሚባለው አነቃቂ መድኃኒት የቅርብ ዘመድ። ቅጠሉ ሲጠወልግና ሲደርቅ ካቲኖኑ ወደ ካቲንና ወደ ኖርኤፌድሪን ይለወጣል። ነጋዴው በኮባ ጠቅልሎ ውሃ እየረጨ በሌሊት የሚያስጋልበው ለምን መሰለህ? ኬሚስትሪውን ሳይማር ያውቀዋል።

ጅሬን፦
😂 ጎመንም ቅጠል ነው። ከነገ ጀምሮ ጎመን የበላ ተከላካይ ይመርመርልን።

ሂርማታ 7፦
ጅሬን ገባው። «የአምፌታሚን ዘመድ» እያላችሁ የገበሬውን ጓሮ ላቦራቶሪ አታድርጉት። የስንት ሰው ልጅ በዚህ ቅጠል ተምሯል።

ፈረንጅ አራዳ፦
ስለ ገበሬው ማን አወራ? ስለ ተጫዋች ነው ያወራሁት። ገበሬው ሽንት ስጥ አይባልም።

አጂፕ ሰፈር፦
ከመጨቃጨቃችሁ በፊት ሕጉን አንብቡ። ካቲንም ካቲኖንም የተከለከሉት በውድድር ወቅት ብቻ ነው። ከዋዜማው 11፡59 በፊት የቃመ ሰው ምንም አልጣሰም። በርጫ ደግሞ 11 ሰዓት ላይ ይነሳል። ስለዚህ አሠልጣኙ ተሳሳተ ለማለት አትቸኩሉ።

ባለ ነጭ ጋውን፦
አጂፕ፣ 11፡59 የፈረንጅ ሰዓት ነው! በኛ ከሌሊቱ 5፡59። አንተ የማታውን 12 ሰዓት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው አደረግከው።

አጂፕ ሰፈር፦
ይባስ! እንደውም ጊዜው ሰፋልኝ። ከእራት በኋላም ይቃማላ።

ባለ ነጭ ጋውን፦
አይሰፋም፣ ጨርሰህ አንብብ። ሰዓቱ የሚለካው አፍህን አይደለም፣ ናሙናውን ነው። በውድድር ወቅት በተወሰደ ሽንት ውስጥ ከተገኘ መቼ እንደቃምክ አይጠየቅም። ኃላፊነቱ የስፖርተኛው ነው፤ «ትናንት ነው» ቅጣት ለማቅለል ይረዳህ ይሆናል እንጂ ጥሰቱን አይፍቀውም።

ቆጪ፦
በቁጥር እንነጋገር። ጀርመን ውስጥ በ4 ሰዎች ላይ በተሠራ ሙከራ በኪሎ 0.6 ግራም ቅጠል አስቃሟቸው፤ ለ70 ኪሎ ሰው 42 ግራም መሆኑ ነው። ካቲኖን ደም ውስጥ ጣሪያ የነካው ከ2 ሰዓት ትንሽ ዘግይቶ ነው። በግማሽ ለመቀነስ ካቲኖን አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ካቲን ደግሞ 5 ሰዓት ገደማ ፈጀባቸው። በርጫው 11 ሰዓት ላይ ተነስቶ ጨዋታው በማግሥቱ 10 ሰዓት ከሆነ መሀል ላይ 23 ሰዓት አለ። ካቲን ከአራት ጊዜ በላይ በግማሽ ይቀንሳል ማለት ነው፤ የሚቀረው ከሃያ እጅ አንዱ ገደማ። አጂፕ በሰዓት ቢሳሳትም በውጤቱ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም።

ባለ ነጭ ጋውን፦
ቆጪ፣ ያሰላኸው ደሙን ነው፤ የሚመረመረው ሽንት ነው። ሽንት አሲዳማ ሲሆን ካቲን ቶሎ ይወጣል፣ ካልሆነ ይዘገያል። አንድ ዙርባ የተካፈሉ ሁለት ልጆች በማግሥቱ የተለያየ ቁጥር ሊያወጡ ይችላሉ። ደግሞ 42 ግራም በርጫ ነው ወይስ ቅምሻ? የጅማ ቃሚ በ42 ግራም የተነሳበትን ቀን ንገረኝ። ያ ሙከራ አንድ ጊዜ የተቃመ ነው፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚቅመውን አይወክልም።

ሂርማታ 7፦
ውሃ ይጠጣላ፣ ይቀጥናል።

ባለ ነጭ ጋውን፦
እሱንም አስበውበታል። መርማሪው ቢያንስ 90 ሚሊ ሊትር ይቀበላል፣ ወዲያው እፍጋቱን ይለካል። ከ1.005 በታች ከወረደ «ቀጥኗል፣ ሌላ ስጥ» ይላል። እስኪወፍር ድረስ ከአጃቢህ ጋር ቁጭ ትላለህ። ቡድንህ አውቶቡስ ውስጥ እየጠበቀህ።

የድሮ በረኛ፦
ልጆች፣ እናንተ ሽንት ስትለኩ ዋናው ነገር አመለጠ። ሰውዬውን ለመከላከል አይደለም፣ ግን ጫት ተጫዋችን ያበረታል የሚለው ራሱ ተረት ነው። የመረቀነ ልጅ የፈጠነ ይመስለዋል እንጂ አይፈጥንም። ከፍተኛው የልብ ምት አይጨምርም፤ የዕረፍቱ ምት ግን ከፍ ይላል፣ የደም ግፊቱም አብሮ። ጣሪያው ባለበት ቆሞ ወለሉ ሲነሳ መሀሉ ይጠብበታል። ያ የጠበበው መሀል ነው 70ኛው ደቂቃ ላይ የሚያስፈልገው።
ምግቡን ተዉት። ከጨዋታ ከ1 እስከ 4 ሰዓት ቀደም ብሎ በኪሎ ከ1 እስከ 4 ግራም ካርቦሃይድሬት መግባት አለበት። የማታውም እራት አለ። የቃመ ሰው እንጀራ ሲያይ ፊቱን ያዞራል። እህል ያልገባው ጡንቻ ባዶ ጎተራ ነው። ከዚያ ሌሊቱን ጣሪያ ሲያይ ያድራል፣ ሊነጋ ሲል ዱካክ ይጫወትበታል። አበረታች አትበሉት፣ ስም አታሳምሩለት።

ጅሬን፦
ጋሼ ጎል አገቡ። 1 ለ 0።

ፈረንጅ አራዳ፦
ጋሼ በአክብሮት፣ እርስዎ ያሉት የዋዜማውን ነው። ሜዳ ከመግባቱ በፊት ጉንጩ ውስጥ ወሽቆ የሚመጣውስ? ያኔ ካቲኖኑ ደም ውስጥ ጣሪያ ላይ ሆኖ ነው የሚጫወተው። ድካሙን አይሰማውም። ድካም አለመሰማት ደግሞ ጥቅም ብቻ አይደለም። የቆዳ የደም ሥር ይጠብባል፣ ሙቀት መውጫ ያጣል፣ አፍ ይደርቃል፣ ሰውነት «አቁም» የሚልበት ድምፅ ይታፈናል። ብስክሌተኛው ቶም ሲምፕሰን በ1967 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስ ላይ ሞን ቫንቱ ዳገት ላይ የቀረው በዚህ መንገድ ነው፤ አምፌታሚን፣ አልኮልና ሙቀት ተደራርበውበት። ሲቅም ውሎ በጨብሲ የሚያወርደው የኛ ልጅ ከዚያ ብዙ አይርቅም።

ሂርማታ 7፦
ሲምፕሰን ቅጠል አልበላም።

ባለ ነጭ ጋውን፦
አሁንም ቅጠል! የየመን የልብ ሐኪሞች ያጠኑት ኪኒን ዋጪዎችን አይደለም፣ ቅጠል ቃሚዎችን ነው። አብዝቶ መቃምና ድንገተኛ የልብ ጥቃት (ሃርት አታክ) አብረው ሲሄዱ አግኝተዋል። የልብ የደም ሥር ሲጨመደድ «ከቅጠል ነው የመጣሁት» አይልም።

አጂፕ ሰፈር፦
እሺ ጫት ክፉ ነው እንበል። ፍትሑስ? ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዋዳ «የሱስ ንጥረ ነገሮች» ብሎ ኮኬይንን፣ ሄሮይንን፣ ኤክስታሲንና የካናቢሱን ቲኤችሲ ለየ። ከውድድር ውጭ ለመዝናኛ እንደወሰደ ያስረዳ ስፖርተኛ 3 ወር ይቀጣል፤ የሕክምና ፕሮግራም ከተከታተለ 1 ወር። አሜሪካዊቷ ሯጭ ሻካሪ ሪቻርድሰን 1 ወር ተቀጥታ ከቶኪዮ ኦሊምፒክ የቀረችው በዚህ ነው። ካቲን እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ስለዚህ ኮኬይን የሳበው ሀብታም 3 ወር፣ በርጫ የተቀመጠው የጅማ ልጅ እስከ 2 ዓመት! ይቺን አስረዱኝ።

ፈረንጅ አራዳ፦
«እስከ» ያልካት ቃል ላይ ቁም። ካቲን ልዩ ተብለው ከተመደቡት ነው፤ ጥፋቱ ቀላል ከሆነ እስከ ማስጠንቀቂያ ይወርዳል።

አጂፕ ሰፈር፦
«ይወርዳል» የምትለው ጠበቃ ላለው ነው። ጫት የምሥራቅ አፍሪካና የየመን ስለሆነ የሚከራከርለት የለም። ኮኬይን ወንበር ላይ የተቀመጠ ዘመድ አለው።

የድሮ በረኛ፦
ይሄ ነጥብ ነው። አልክድህም።

ቆጪ፦
እኔ ደግሞ ምርመራው ራሱ አይገባኝም። አገር ውስጥ ዋዳ ዕውቅና የሰጠው ላቦራቶሪ የለም፣ ናሙና ተሽጎ ውጭ ይላካል። ለቀበሌ ውድድር ይህን ማን ይከፍላል? ገንዘቡ ከተገኘ ሜዳው ዳር አንድ ዲፊብሪሌተር (ልብን በኤሌክትሪክ ምት የሚመልስ መሣሪያ) ይቁም። የካሜሩኑ ተጫዋች ማርክ ቪቪያን ፎዬ በ2003 እ.ኤ.አ. ሊዮን ላይ ወድቆ ቀረ። የዴንማርኩ ኤሪክሰን በ2021 ኮፐንሃገን ላይ ወድቆ ተነሳ፣ ምክንያቱም የደረት ግፊትና መሣሪያው ወዲያው ደረሱለት። ያለ ኤሌክትሪክ ምት በሚያልፍ በእያንዳንዱ ደቂቃ የመትረፍ ዕድሉ ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። ከሜዳ ባጃጅ ፈልገህ፣ አስጭነህ፣ ሆስፒታል እስክትደርስ ስንት ደቂቃ ይሄዳል? ደግሞ የቃመውንም ያልቃመውንም ያድናል።

ባለ ነጭ ጋውን፦
ማን ይጠቀምበታል? ባትሪው ሲያልቅ ማን ያያል? ደረት ላይ የሚለጠፈው ፓድ ጊዜው ሲያልፍ ማን ይተካል? ቢሮ ውስጥ ተቆልፎበት ቁልፉ ከጸሐፊው ጋር ገበያ ይሄዳል።

ቆጪ፦
እሱ የቁልፍ ችግር እንጂ የመሣሪያው አይደለም። በየቡድኑ ሁለት ሰው የደረት ግፊት ይማር፤ በደቂቃ ከ100 እስከ 120፣ ጥልቀቱ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል። ዳኛ ፊሽካ ነፍቶ እስኪጠራው አይጠበቅም።

ጅሬን፦
ቡናስ? ከጫት ይልቅ ቡና ይሻላል ካላችሁ የጅማ ልጅ አሸንፏል። 😄

ባለ ነጭ ጋውን፦
ቡና ነፃ ነው። እስከ 2003 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሽንት ውስጥ 12 ማይክሮግራም ገደብ ነበረበት፣ ከ2004 ጀምሮ ተነስቶ ክትትል ላይ ብቻ ነው። የሚሠራውም መጠን ይታወቃል፤ ከጨዋታ አንድ ሰዓት ያህል ቀድሞ በኪሎ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ግራም ካፌይን። ለ70 ኪሎ ሰው ከ210 እስከ 420። ከዚያ ሲያልፍ እጅ ማንቀጥቀጥና ሆድ ማላላት እንጂ ፍጥነት አይጨምርም። ጫት ላይ ቡና መደረብ ግን በአንድ ልብ ላይ ሁለት ጅራፍ ነው።

ሂርማታ 7፦
አያችሁ? ቡና ሲሆን «ይሠራል»፣ ጫት ሲሆን «ዶፒንግ»። ቡናውን ፈረንጅ ስለሚጠጣው ነው።

ፈረንጅ አራዳ፦
አጂፕ ያለውን ሰረቅከው።

ሂርማታ 7፦
የጋራ ነው። ደግሞ እናንተ የምትፈሩት የአወዳይን ነው። የጅማው ለስላሳ ነው፣ ማንንም አያሳብድም።

ቆጪ፦
ለስላሳነቱ የምላስ ነው። ካቲኖን የሚወሰነው በቅጠሉ ዕድሜና እርጥበት ነው። ቀንበጡ ላይ ይበዛል። ጅማ ውስጥ ጠዋት ተቆርጦ ከሰዓት የሚቃመው እንደውም ርቆ ከሚጓዘው ይልቅ ካቲኖን ሊይዝ ይችላል። ገራባ የቃመ ነው የሚተርፈው።

ጅሬን፦
ገራባ ቃሚ ክለብ ይመሥረት።

የድሮ በረኛ፦
አንድ ነገር ሳልረሳ። ጉንፋን ለያዘው ተጫዋች ሱዶኤፌድሪን ያለበት ኪኒን ስትሰጡ ተጠንቀቁ። ራሱ ሽንት ውስጥ በሚሊ ሊትር 150 ማይክሮግራም ገደብ አለው፣ ሰውነት ውስጥም ትንሹ ክፍል ወደ ካቲን ይለወጣል። ያልቃመ ልጅ ካቲን ሊገኝበት ይችላል። ከጨዋታው ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ቀድሞ ይቁም፣ የወሰደውንም ምርመራ ፎርም ላይ ያስጽፍ።

ሂርማታ 7፦
እንግዲህ! ያልቃመም ይያዛል ማለት ነው። ዝርዝሩ ራሱ ተምታቶበታል።

ባለ ነጭ ጋውን፦
አልተምታታበትም። የካቲን ገደብ 5 ማይክሮግራም የተባለው ለዚያም ይጠቅማል፤ ከጉንፋን ኪኒን የሚመጣው ጥቂት ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከገደቡ በታች ይቀራል።

ሂርማታ 7፦
«አብዛኛውን ጊዜ»።

ባለ ነጭ ጋውን፦
አዎ፣ አብዛኛውን ጊዜ። እኔ እንደ አሠልጣኝህ በአንድ ቃል አልዘጋም።

ሂርማታ 7፦
አሠልጣኜ አይደለም። እኔ የጅማ አባ ጅፋር ክለብ ሰው ነኝ፣ በ2010 ዓ.ም. ሊጉን ስንበላ እናንተ የት ነበራችሁ?

ፈረንጅ አራዳ፦
ዋንጫ አሁን ምን አመጣው? መነሻውን አንሱልኝ። ሰውዬው በሬዲዮ ያለውን ይታረም ወይስ አይታረም?

አጂፕ ሰፈር፦
ይታረም። ግን ሰዓቱንም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይንገሩን፣ ልጆቹ እንደኔ ይሳሳታሉ።

ሂርማታ 7፦
ምኑ ይታረማል? ቅጠል አይደለም እንዴ?