ከድሬዳዋ ተነስቶ ሐረርና ኮረሚን ለማየት ምክር ፈለግኩ

የከዚራ ልጅ፦
ሰላም ቤቶች! የወንድሜ ልጅ ከአውስትራሊያ ሊመጣ ነው፣ 16 ዓመቱ ነው። እዚያ ትምህርት ቤቱ አንድ የገጠር መንደር ወስዷቸው፣ የአቦርጂኖችን ታሪክ ከራሳቸው ከአቦርጂኖች ሰምተው፣ እንግሊዝ ሰፋሪዎች ያቆሙትን የድንጋይ ቤትም አይተው ተመለሱ። «ጋሼ፣ እኛ ጋስ የነባሩም የባዕዱም አሻራ የሚታይበት ቦታ አለ?» አለኝ። እኔ ሐረርን የማውቃት ለሰርግና ለለቅሶ ነው። ቅዳሜና እሁድ ምን ላሳየው? ጅብ እንዳትሉኝ፤ በቪዲዮ አይቶ ጠግቧል።

ሸዋ በር፦
እኔ ብሆን ቅዳሜን ለኮረሚ እሰጥ ነበር። ከሐረር በደቡብ ምሥራቅ፣ ከኤረር ሸለቆ በላይ ገደሉ አፋፍ ላይ የተቀመጠ የአርጎባ መንደር ነው። ቤቶቹ በግንብ እንደታጠረችው አሮጌ ሐረር፣ እንደ ጀጎል ቤት በድንጋይ የተሠሩ ናቸው፤ ግን ኖራ አልነካቸውም፣ ድንጋዩ እንዳለ ይታያል። ግድግዳው ሥር አቁመውና አደራረቡን ያስተውል። እሁድ ጀጎል ውስጥ የሐረሪ ቤት ስታስገባው፣ በቀይ የተቀባውን ከፍና ዝቅ ያለ ነደባ (የመቀመጫ መደብ) እና ግድግዳውን የሞላውን ስፌት ሲያይ ልዩነቱን ራሱ ይነግርሃል።

ደግሞ ኮረሚ ሙዚየም አይደለም፣ ሰው ይኖርበታል! ዝም ብሎ በር እየከፈተ ፎቶ የሚያነሳ ጎብኚ ያናድደኛል። ሽማግሌ አስፈቅዱ። ኦሮምኛ የሚችል ሰውም ያዙ፤ በዚህ በኩል ያሉት አርጎባዎች በአብዛኛው የሚያወሩት እሱን ነው።

ባዕዱን በተመለከተ ጣሊያን ላይ ብቻ አትንጠልጠል። ከእሱ በፊት ግብፆች እ.ኤ.አ. ከ1875 እስከ 1885 ሐረርን ይዘው ነበር። ጀጎል ውስጥ ፈረስ መጋላ አደባባይ ያለው የመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን የቆመው የእነሱ መስጊድ በነበረበት ቦታ ላይ ነው። አደባባዩ ላይ ይህን ንገረውና ጥያቄውን ጠብቅ።

መኪና ግርግር፦
ልክ ነው፤ ግን የአውስትራሊያውን ከእኛው ጋር አንድ አታድርጉበት። እዚያ ሰፋሪው ምድሩን ወስዶ ቀረ፤ እዚህ ግብፅ አሥር ዓመት፣ ጣሊያን አምስት ዓመት ቆይተው ወጡ። በመሀል ደግሞ የሐረሩ አሚር አብዱላሂ አሉ፣ እ.ኤ.አ. 1887 ላይ ምኒልክ እሳቸውን ያሸነፉበት የጨለንቆ ጦርነት አለ። የጨለንቆን ወሬ ካንድ አፍ ብቻ አታሰማው፤ መጀመሪያ የሐረሪ አባት ዘንድ ውሰደው።

በፈረንሳዊው ገጣሚ በራምቦ ስም የሚጠራው ቤት መግባታችሁ አይቀርም። ሕንፃውን ያሠራው ህንዳዊ ነጋዴ ነው እንጂ ገጣሚው የኖረበት አይደለም። ቢሆንም ፎቁ ላይ ባለቀለም መስኮቶቹ ያምራሉ፤ ጀጎልም ከዚያ ሆነው ሲያዩት ደስ ይላል።

ለገሃር፦
አቦ፣ የከዚራ ልጅ ሆነህ የድሬዋን ሰፈር ከዚራን ዘለልካት?! የባቡር ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ደረሰ፤ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላቃተው ድሬ ተቆረቆረች። አዲስ አበባ የገባው እኮ እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ቅኝ ግዛት ሳይሆን ሚኒልክ በውል የፈቀዱት የፈረንሳዮች ሥራ ነው፤ ይህንንም ይወቅ። ዓርብ ማታ ከዚራን በእግር አዙረው፤ መንገዱ በገመድ የተለካ ይመስላል። ከዚያ የደቻቱን ወንዝ ተሻግራችሁ መጋላ ሰፈር ግቡ። ለገሃር፣ ባቡር ጣቢያው ጋ ያለው የድሮ ባቡር መጠገኛም አስፈቅዶ ለገባ ይታያል።

የከዚራ ልጅ፦
ተባረኩ! ዓርብን ለድሬ አድርጌዋለሁ። ከኮረሚ ከሰዓት በኋላ የሚመልስ ታክሲ አይጠፋም አይደል?

ሸዋ በር፦
እሱን አትመን፤ ከሐረር ደርሶ መልስ መኪና ተኮናተር። ሾፌሩ ጫቱን ሳይይዝ በጠዋት ውጡ፤ ከያዘ በኋላ ማን ያስነሳዋል?