ሐዋሳ ውስጥ በጨዋታ የሚያግዝ ባለሙያ የምታውቁ?

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ነው። የ4 ዓመት ልጄ ኦቲዝም እንዳለበት ሐኪም ነግሮናል፤ ከዚያ በኋላ ምን እናድርግ የሚለውን የሚያሳየን ሰው ግን አጣን። ገና አያወራም። መኪናውን ገልብጦ ጎማውን ሲያሽከረክር ይውላል፣ አጠገቡ ስቀመጥ ጀርባውን ይሰጠኛል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠና እንዳለ አንብቤያለሁ። ከ2 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች ነው፣ 9 የቡድን ክፍለ ጊዜና 3 የቤት ጉብኝት አለው፣ አገራችንም ውስጥ ተሞክሯል። ልጁ የወደደውን ጨዋታ ተከትላችሁ ግቡ ይላል። እሺ፣ ግን እንዴት? እኔም ሌላ መኪና ይዤ ጎማ ላሽከርክር? ተራ መጠባበቅን መቼ ላስገባ? ጆይና ነህምያ የኦቲዝም ማዕከላት ያሉት አዲስ አበባ ነው፤ ሥራ ትቼ መመላለስ አልችልም።

ደግሞ ቀን ቀን የምትይዘው እናቴ ናት። ጎረቤት «አሞላቃችሁት ነው» ሲላት ታለቅሳለች፣ እሷንም የሚያግዛት ሰው በጣም ያስፈልገናል።

እባካችሁ እዚህ ሐዋሳ ባለሙያ ወይም የወላጆች ስብስብ የምታውቁ ጠቁሙኝ። እንደኔ ልጅ ያላችሁ ደግሞ፣ መጀመሪያ አብሯችሁ የተጫወተው ምን ነበር?