አስቸኳይ፦ የጌኮ እንሽላሊቶቼ መደርደሪያ ላይኛው ፎቅ 101 ፋራናይት ገባ፣ እንቁላሎቹ ደግሞ መፈልፈል ጀምረዋል

ባለ_ሣጥኑ፦ ሰላም ቤቶች። በሜላሚን (በተለበጠ ጣውላ) ባለ 5 ፎቅ መደርደሪያ ሠርቻለሁ። ላይኛዎቹ 3 ፎቆች ለጌኮ ጫጩት ናቸው፤ በየፎቁ ባለ 6 ኳርት (6 ሊትር ገደማ) የፕላስቲክ የጫማ ሣጥን 4 ይገባል። ታችኛዎቹ 2 ትልልቅ ሣጥን ነው፣ 3 ሴትና 1 ወንድ ለየብቻቸው። በየፎቁ ከኋላ በኩል ሂት ቴፕ (በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ጠፍጣፋ ማሞቂያ) ተዘርግቷል፣ ሁሉም በአንድ ቴርሞስታት (የሙቀት መቆጣጠሪያ)። ታች 90 ፋራናይት (32 ሴልሺየስ ገደማ)፣ ላይ ግን 101 (38 ገደማ)! ሣጥኖቹ ክዳን የላቸውም፤ ከበላያቸው እስካለው ጣውላ ያለው ክፍተት 6 ሚሊሜትር ነው። ዛሬ ጠዋት 2 ሌፐርድ ጌኮ ተፈልፍለዋል፤ ሌሎች 4 እንቁላሎች አልቧቸዋል፣ ጎድጎድም ብለዋል። ጣውላው በሙጫ ስለተጣበቀ መፍታት አይቻልም። ለዛሬ ማታ ምን ላድርግ?

ቆላ82፦ ቴርሞስታቱን 10 ዲግሪ ቀንሰው። አለቀ።

ባለ_ሣጥኑ፦ ታች ያሉት ሴቶች እኮ 80 ላይ ይቀራሉ፤ እንቁላል የያዙ ናቸው።

መምህር_እንሽላሊት፦ መጀመሪያ ከመሠረቱ እንነሳ። ሴት ሌፐርድ ጌኮ 45–50 ግራም ሳትሞላና አንድ ዓመት ሳያልፋት ከወንድ ጋር መገናኘት የለባትም። ሁለት ወንድ በአንድ ሣጥን ፈጽሞ አይሆንም፤ ይነካከሳሉ። ጾታውን የሚወስነው ደግሞ የመፈልፈያው ሙቀት ነው፦ 80 አካባቢ አብዛኞቹ ሴት፣ 88–89 አካባቢ አብዛኞቹ ወንድ፣ ከ92 በላይ እንደገና ወደ ሴት ያመዝናል። በዝቅተኛው ሙቀት መፈልፈሉ 2 ወር ያልፋል፣ በከፍተኛው 6 ሳምንት ገደማ ይበቃል። እንቁላል ከተጣለ 24 ሰዓት ካለፈው አይገለበጥም፤ ላዩን በእርሳስ ምልክት አድርጉበት። ይህን ሳያውቁ መጋዝ ማንሳት ትክክል አይደለም።

ባለ_ሣጥኑ፦ አመሰግናለሁ መምህር፣ ግን ጥያቄዬ ስለ መደርደሪያው ነው።

አዲስ_ጌኮ፦ ባለ 5 ፎቅ! ጌኮዎቹ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶላቸዋል በለኛ። ላይኛው ፎቅ የደረሳቸው ግን ሊፍት ይጠይቃሉ 😄

እርጥብ_ሶፍት፦ እኔ በጥያቄው መነሻ አልስማማም። ዛሬ ማታ መደርደሪያው ለምን አስፈለገ? አዲስ የተፈለፈለ ጫጩት የመጀመሪያ ቆዳውን እስኪቀይር፣ 3 ወይም 4 ቀን፣ አይበላም፤ ሆዱ ውስጥ በቀረው አስኳል ይኖራል። ባለ 6 ኳርቷን ሣጥን ክዳኗን ክደን፣ ጎኖቿን ብሳ፣ እርጥብ ሶፍት አንጥፍ፤ እርጥብ እንጂ ውኃ የሚንጠባጠብ አይሁን። 78–80 በሆነ ክፍል ውስጥ አስቀምጣት፣ ሂት ቴፕ ገና አያስፈልግም። ለየብቻ አድርጋቸው፣ ጅራት ይነካከሳሉ። እንቁላሎቹን ደግሞ አትንካ። ሊፈለፈል ሲል ማላብና መጎድጎድ ያለ ነው። ደረቀ ብለህ ውኃ ብታፈስበት ታፍነዋለህ።

ሽቦ_አዋቂ፦ ዋናውን ነገር አልነገርከንም። የቴርሞስታቱ ፕሮብ (ሙቀቱን የሚለካው ጫፍ) የቱ ፎቅ ላይ ነው ያለው?

ባለ_ሣጥኑ፦ ታችኛው ላይ፣ ሣጥኑ ውስጥ።

ቆላ82፦ እኮ ዝቅ አድርገው አልኩህ።

ሽቦ_አዋቂ፦ ቆላ፣ ዝቅ ማድረጉ ብቻ ልዩነቱን አያጠፋውም፤ ሁሉንም እኩል ያወርዳል እንጂ። ችግሩ እዚህ ነው፦ ፕሮቡ ያለው ከሁሉም ቀዝቃዛ በሆነው ፎቅ ነው። እሱ 90 እስኪሞላ ድረስ ቴርሞስታቱ ለአምስቱም ቴፕ ኃይል ይልካል። ሙቀት ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጀርባውም በጣውላ ስለተዘጋ ላይኛው ፎቅ ላይ ይታመቃል። በዚያ ላይ ፕሮብ ሣጥን ውስጥ አይቀመጥም። ጌኮው ከጎተተው ወይም ውኃ ከፈሰሰበት ቴርሞስታቱ «ቀዝቅዟል» ብሎ ያለማቋረጥ ያሞቃል፤ እንስሳ የሚሞተው በዚህ ነው።

ለዛሬ ማታ፦ ፕሮቡን ከላይኛው ፎቅ ሂት ቴፕ ላይ፣ ከሣጥኑ ውጭ፣ በማጣበቂያ ቴፕ አጥብቀህ ለጥፍ። ላይኛው ሣጥን ወለሉ ላይ፣ ከሶፍቱ ሥር 88–90 እስኪያሳይ አስተካክል። በየጊዜው 2 ዲግሪ ብቻ ለውጥ፣ ከዚያ 2 ሰዓት ጠብቅ። ቴርሞስታቱ ላይ ያለው ቁጥርና የሣጥኑ ወለል እኩል አይሆኑም፤ ፕላስቲኩ መሃል ስላለ ቁጥሩ ጥቂት ዲግሪ ከፍ ይላል። ሴቶቹ አንድ ሁለት ሌሊት 80 ላይ ቢያድሩ አይጎዱም፤ ብቻ ብዙ አታብላቸው፣ ያለ ሙቀት አይፈጭላቸውም።

ለዘለቄታው፦ ሶኬቱን ንቀል፤ ከታች ሲቆጠር በ2ኛውና በ3ኛው ፎቅ መካከል የሚያገናኘውን ሽቦ ቁረጥና ላይኛዎቹን 3 በሌላ ቴርሞስታት አስኪዳቸው። የሂት ቴፑ የተቆረጠ ጫፍና ክሊፑ (ሽቦውን ከሂት ቴፑ ጋር የሚያያይዘው) በሙሉ ሽፋን ይደረግበት፤ የውኃ ዕቃ ከላይ ተደፍቶ እዚያ ቢደርስ አደጋ ነው። ጀርባው ላይም በየፎቁ 2 ኢንች ስፋት ያለው መተንፈሻ ክፈት፤ ጣውላው ሳይፈታ በመሰርሰሪያ ይቻላል።

ሜሪላንድ_ጌኮ፦ ያንን 101 በምን ለካኸው? በሌዘር ጠመንጃ (ከርቀት ሙቀት የሚለካው) ከሆነ የት ላይ እንደጠቆምከው ንገረን። ሂት ቴፑን ያጣበቅከው በአሉሚኒየም ቴፕ ከሆነ የሚያብረቀርቅ ነገር ላይ ጠመንጃው አሳንሶ ያነባል፤ እውነተኛው ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። ትንሽ ጥቁር የኤሌክትሪክ ቴፕ ለጥፍበትና በሱ ላይ ለካ።

ባለ_ሣጥኑ፦ አዎ፣ በአሉሚኒየም ቴፕ ነው ያጣበቅኩት።

ሽቦ_አዋቂ፦ እንግዲያው ሶኬቱን አሁኑኑ ንቀል! አሉሚኒየሙ ክሊፖቹን ወይም የተቆረጠውን ጫፍ ከነካ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ቢያንስ አንድ ኢንች ራቅ ብሎ መቆም አለበት። ሂት ቴፑ የተጣጠፈ ወይም የተደራረበ ቦታ ካለም ያቃጥላል፤ ያንን ፎቅ አትጠቀምበት።

አናጢ_ነኝ፦ ስለ ክፍተቱ ማንም አልመለሰም። 6 ሚሊሜትር ለትልቅ ጌኮ ምንም አይደለም፤ 3 ግራም የሚመዝን ጫጩት ግን ጠፍጣፋ ጭንቅላቱን አስገብቶ ይወጣል ወይም ይጣበቃል። 3 ሚሊሜትር ሃርድቦርድ (ስስ የተጨመቀ ጣውላ) በፎቁ ስፋት ልክ ቆርጠህ ከላይ ባለው ጣውላ ሥር ለጥፍ፤ ክፍተቱ 3 ይሆናል። መሳቢያው ሲጎተት ይሸራተታል ወይ ብለህ አራቱንም ሣጥን ሞክር፣ የፕላስቲክ ሣጥን ከንፈሩ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም። አየሩ ስለሚቀንስ በየጎኑ 6 ቀዳዳ ጨምር። ስትበሳ ከውስጥ ወደ ውጭ ይሁን፤ ሹል ጠርዙ ውስጥ ከቀረ ቆዳቸውን ይቧጭራል።

አዲስ_ጌኮ፦ ባለ_ሣጥኑ፣ ነቀልከው? ሌሎቹ አራቱስ ወጡ?

ሽቦ_አዋቂ፦ ስትመለስ የላይኛውንና የታችኛውን ሣጥን የወለል ሙቀት ለየብቻ ጻፍልን፤ የክሊፖቹንም ፎቶ አንሳ።