አዳኝ ዓሣዎችን ጨው በቀመሰ ውኃ ከሌሎች ጋር ማኖር ይቻላልን?

ጠያቂ፦ የገንዳው ባለቤት
ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው ሜሪላንድ ሲሆን ሳሎኔ ውስጥ 450 ሊትር የሚይዝ የዓሣ ገንዳ አለኝ። 22 ሴንቲ ሜትር የደረሰ፣ ፖሊፕተረስ ሴኔጋለስ የሚባል አንድ ረጅም አዳኝ ዓሣና ኦስካር የሚባል አንድ ሌላ አዳኝ ዓሣ ለሁለት ዓመት ያህል በንጹሕ ውኃ አብረው ኖረውበታል። ባለፈው ወር ደግሞ ውኃ ተፍተው ነፍሳትን ከቅጠል ላይ የሚጥሉትን፣ ቶክሶቴስ የሚባሉትን ዓሣዎች አራት ገዛሁ። የሸጠልኝ ሰው በንጹሕ ውኃ ይኖራሉ ብሎኝ ነበር፤ ቤት ካስገባኋቸው በኋላ ባነብ ግን ጨው እንደሚሹ ተረዳሁ፤ ለጊዜው 150 ሊትር በሚይዝ ሌላ ገንዳ ለይቼአቸዋለሁ። በትልቁ ገንዳ ውኃ ላይ፣ የጨዉን መጠን በውኃው ክብደት የሚለካው ሃይድሮሜትር 1.005 እስኪያሳይ ድረስ ጨው ብጨምርበት ሁሉንም አንድ ላይ ማኖር እችላለሁን? ሞሊ የሚባሉ ትንንሽ ዓሣዎችም ጥቂት ለመጨመር አስቤ ነበር።

መልስ፦ ባሮ ዳር
ወንድሜ፣ 1.005 ሲባል ቁጥሩ ትንሽ ስለሚመስል ብዙ ሰው ይዘናጋል። በአንድ ሊትር ከ6 እስከ 8 ግራም ጨው ማለት ነውና ለእርስዎ ገንዳ ወደ ሦስት ኪሎ ግራም ይጠጋል። የባሕር ውኃ በሊትር 35 ግራም ገደማ አለው፤ በንጹሕ ውኃ ዓሣ ደም ውስጥ ያለው ጨው ደግሞ ወደ 9 ግራም ይጠጋል። የንጹሕ ውኃ ዓሣ አካሉ ከከበበው ውኃ ይልቅ ጨዋማ በመሆኑ ውኃው በስንጥቡ በኩል ሳያቋርጥ ይገባበታል፤ ኩላሊቱም ይህንኑ ትርፍ ውኃ በቀጭን ሽንት ሲያስወጣ ይውላል። ውጭ ያለው ጨው ከደሙ ሲበልጥ ነገሩ ይገለበጣል፤ ዓሣው ውኃ ያጣል፣ የጎደለውን የሚተካበት አሠራርም የለውም። 1.005 ከዚያ ወሰን በታች ስለሆነ ኦስካርዎ በማግስቱ አይሞትም፤ ሰውን የሚያታልለውም ይኸው ነው። የኦስካር አገሩ አማዞን ነው፤ ውኃው ማዕድን የሌለው ያህል ለስላሳ ነው። እኔ ብሆን ኦስካሩን ጨርሶ ጨው ውስጥ አላስገባውም።

የፖሊፕተረሱ ጉዳይ ግን የሚያከራክር ነው። ይህ ዓሣ በአገራችን በባሮም በኦሞም ይገኛል። የኦሞ ወንዝ የሚገባበት የቱርካና ሐይቅ በሊትር ወደ 2.5 ግራም የሚጠጋ ጨው ያለው ሲሆን፣ ፖሊፕተረስ ከናይል ፐርችና ከቆሮሶ ጋር እዚያም ይኖራል። ሆኖም የቱርካና ጨው በአብዛኛው የሶዳ ጨው፣ ማለትም ሶዲየም ባይካርቦኔት ስለሆነ፣ ከሱቅ የሚገዛ የባሕር ጨው በዚያው መጠን ይስማማዋል ብሎ በቀጥታ መደምደም አይቻልም። በእኔ ግምት ለፖሊፕተረስ ከ2 እስከ 3 ግራም ድረስ ይበቃል። ቶክሶቴስ ጃኩላትሪክስ ግን ከህንድ እስከ አውስትራሊያ ባለው ዳርቻ፣ ወንዝ ከባሕር በሚቀላቀልበት የማንግሮቭ ደን ውስጥ የሚኖር ዓሣ ነው፤ ከዚያ የበለጠ ጨው ይሻል። ስለዚህ ለሦስቱም የሚስማማ አንድ ቁጥር የለም።

መልስ፦ ጥልቅ ውኃ
በባሮ ዳር ሐሳብ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ከጨው በፊት መታየት ያለበት አፍ ነው። ፖሊፕተረስ ቀን ቀን ድንጋይ ሥር ተኝቶ ሲታይ ሰላማዊ ይመስላል፤ ዓይኑ ደካማ ቢሆንም ሌሊት በማሽተት እየተመራ ይወጣና አፉ የቻለውን ሁሉ ይውጣል። እኔ ከዓመታት በፊት በአሥር ሴንቲ ሜትር ዓሣዎች ተማምኜ ነበር፤ ጠዋት መብራት ሳበራ አንዱ የለም፣ የፖሊፕተረሱ ሆድ ግን ተወጥሯል። ሞሊ ጨውን እስከ ባሕር ውኃ ድረስ የሚችል ጠንካራ ዓሣ ነው፤ እዚያ ገንዳ ውስጥ ግን የሚቆጠረው እንደ ምግብ ነው። ቶክሶቴሶቹም ራሳቸው አዳኞች ስለሆኑ መጠናቸው ካልተቀራረበ ትልቁ ትንሹን ይበላዋል።

ለቶክሶቴስ ጎረቤት ካስፈለገዎ ሞኖ፣ ስካት ወይም ዳትኖይዲስ ፖሎታ ይሻላሉ። ሞኖና ስካት እያደጉ ሲሄዱ ወደ ባሕር ውኃ የሚጠጋ ጨው ስለሚሹ፣ ከዓመታት በኋላ ይኸው ጥያቄ ተመልሶ እንደሚመጣ አስቀድመው ይወቁ። ደግሞም ውኃውን እስከ አፍ አይሙሉት፤ ቶክሶቴሶቹ ለመትፋት ከውኃው ገጽ በላይ ባዶ ቦታ ያስፈልጋቸዋል፤ ክሪኬት የሚባሉ ነፍሳትን መስተዋቱ ላይ ለጥፈው ሲያስተፏቸው ማየት ከቴሌቪዥን ይበልጣል።

መልስ፦ ጨው ቤት
ስለ አሠራሩ ጥቂት ልጨምር። የወጥ ጨው አይጠቀሙ፤ ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና የውኃውን ፒኤች (የአሲድነቱን መጠን) የሚጠብቁ ማዕድናት ስለሌሉት ለባሕር አኳሪየም የሚዘጋጀውን ጨው ይግዙ። ጨውን በባልዲ አሟሙተው እንጂ ደረቁን ዓሣዎቹ ላይ አይበትኑ። ንባቡን በሳምንት ከ0.001 እስከ 0.002 ብቻ ከፍ ያድርጉ፤ ችግሩ ዓሣው ብቻ ሳይሆን ፊልተሩ ውስጥ ሰፍረው ከዓሣ ቆሻሻ የሚመጣውን መርዛማ አሞኒያ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በድንገት ጨው ሲነካቸው ሥራቸውን ስለሚያዘገዩ ነው። በእነዚያ ሳምንታት አሞኒያና ናይትራይት በየሁለት ቀኑ ይለኩ። ውኃ ሲተን ጨው እንደማይተን አይርሱ፤ የጎደለውን በንጹሕ ውኃ ይተኩ፣ ለዕድሳት የሚጨምሩትን ግን በጨው ይቀላቅሉት። ብዙ ሰው ሁለቱን እያምታታ ውኃው ለምን ከወር ወደ ወር እንደሚጨውበት ይደነቃል።

ጠያቂ፦ የገንዳው ባለቤት
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ኦስካሩና ፖሊፕተረሱ በንጹሕ ውኃ እንዳሉ ይቆያሉ፤ ሞሊዎቹንም ትቼአለሁ። ለቶክሶቴሶቹ የተለየውን ገንዳ ወደ 1.005 አሳድጌ ላቆያቸው ነው፤ ለአራቱ ይበቃቸዋልን?

መልስ፦ ጥልቅ ውኃ
አሁን ትንንሽ ስለሆኑ ለጥቂት ወራት ይበቃቸዋል። እያንዳንዳቸው ሃያ ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ሊደርሱ ስለሚችሉ ግን ከ400 ሊትር ያላነሰ ቦታ ከወዲሁ ያስቡላቸው። ክዳኑንም በሚገባ ይግጠሙት፤ የፖሊፕተረሱንም ጭምር፤ በጠባብ ቀዳዳ ሾልኮ ወለል ላይ መገኘት ልማዱ ነው።